የአባታችን ፒካፕ

ቢታ ገነትን «ገነት» ብሎ የሰየማት ሰው በሐምሌ አልመጣባትም፤ በዚህ እወራረዳለሁ። የመጣው በጥር፣ ያውም በበቅሎ መሆን አለበት። ከፋ ውስጥ የማይዘንብባቸውን ወራት መቁጠር የሚዘንብባቸውን ከመቁጠር ይቀላል። ያንን ሁሉ ደን፣ ቡናና ማር የሚሰጠን ይኸው ዝናብ ነውና ባናማው ደስ ይለኛል። መንገዱን ግን… አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና፣ ሲደርቅ ዱቄት። አባታችን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሳሙናና ዱቄት ላይ ቡና፣ ጨው፣ ቆርቆሮና ሰው ሲያመላልሱ ኖሩ። መኪናቸው ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነበረች፤ ባለ ረጅሙ ሻንሲ፣ ኤፍጄ 45 የሚሏት።

«ሰው» ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ ታማሚ ነው። ቃሬዛው ከገደሉ ማዶ በትከሻ መጥቶ ደጃችን ላይ ያርፋል። አባታችን እራታቸውን ትተው ይነሳሉ። ቦንጋ ሆስፒታል እስኪደርሱ ሌሊቱ ይገባደዳል። ጭቃው እምቢ ሲላቸው ከፊት ያለውን የዊንች ገመድ ስበው ዋንዛ ላይ ያስሩና መኪናዋ ራሷን በራሷ እየጎተተች ትወጣለች። ይህን ያየ ልጅ፣ መኪና ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለዋል። እኔ አዲስ አበባ መጥቼ ታክሲ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ አሥር ሰው ሲገፋት ሳይ ነው ልዩነቱ የገባኝ።

መኪናዋ ከሸንተረሩ ቁልቁል ስትጀምር ድምፅዋ ቤት ድረስ ይሰማል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው፤ ማርሽ ተቀንሶ ሲወርድ ያጉረመርማል እንጂ አይጮህም። እናታችን ያንን ሲሰሙ ጀበናውን ይጥዳሉ። አባታችን ግቢ ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ቡናው ይፈላል። አንድም ቀን በሌላ መኪና ተሳስተው አያውቁም።

እናላችሁ፣ አባታችን ካረፉ በኋላ መኪናዋ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆመች። ዶሮዎች ወንበሩ ላይ ፈለፈሉ። በ2015 ለበዓል ሄጄ የሾፌሩን በር ስከፍተው ቸርኒየራው በልቶት ኖሮ በሩ ከነእጀታው እጄ ላይ ቀረ። ታላቅ ወንድሜ አየና፣ «ወይ እንሽጣት፣ ወይ እንሥራት። እንዲህ እያየኋት ምግብ አይወርድልኝም» አለ። ለመሥራት ተስማማን። ያልተስማማነው፣ «መሥራት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ቶዮታ የላንድክሩዘርን ቅድመ አያት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ጉድ አሰኘ። ያኔ ስሙ «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» ነበር። «ጂፕ» የሌላ ኩባንያ ስም ነውና በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። (እኛ ዘንድ ይህ ክርክር አልደረሰም፤ ላንድሮቨሩንም፣ የራሺያውን ዋዝም፣ ቶዮታውንም ሁሉንም «ጂፕ» ብለን ተገላግለናል።) 40 የሚባለው ተከታታይ ሞዴል ከ1960 እስከ 1984 ተመረተ። የእኛዋ የ1978 ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 2ኤፍ የሚሉት፣ 4.2 ሊትር። ወፍራም ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ በመፍቻና በመዶሻ የማይፈታ ነገር የሌላት መኪና። ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ቢኖርባት ሬዲዮው ነው፤ እሱም አይሠራም ነበር።

ከሷ በፊት አገሩን የያዘው ላንድሮቨር ነበር። እሱ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ ዝገት አያውቀውም፤ የሚበሰብሰው ሻንሲው ነው። ቶዮታ በተቃራኒው ሻንሲዋ ጠንካራ፣ ላሜራዋ ግን የከፋን እርጥበት አይችልም። ሽማግሌዎቹ «ላንድሮቨር ከውስጥ፣ ቶዮታ ከውጭ ያረጃል» ይላሉ። ስለ መኪና ብቻ የሚያወሩ አይመስለኝም።

እኔ ከተሜው ያነበብኩትን ይዤ ሄድኩ። ፈረንጆቹ እነዚህን መኪኖች ብሎን በብሎን ወደ ፋብሪካ መልካቸው እየመለሱ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሸጡ አሉ። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ለ40ው ሞዴል የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። «ስለዚህ እንዳለች እንመልሳት፤ ያው ሞተር፣ ያው ቀለም፣ ያው መሪ» አልኩት።

«ወንድም ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «አንተ የምታወራው ለሥዕል ነው» አለኝ። «እኔ ሰው የምጭንበት ነው የምፈልገው። ይኼ ሞተር በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደልህ እግዜርን አመስግን። ታማሚ ልውሰድ ብዬ ቤንዚኑን ማን ይክፈለኝ? ታማሚው?»

መልስ አልነበረኝም። አባታችን እንዴት ከፍለውት እንደኖሩ ዛሬም አላውቅም፤ ያላበደሩንን ገንዘብ ሁሉ እዚያ ታንከር ውስጥ ሳያፈሱት አልቀሩም።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ «አዲስ አትገዙም?» ይላሉ። በምን? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና መልካም ነገር ነው፤ መብራት ወጣ ገባ በሚልበት አገር፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ጭቃ ላይ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ የነዳት ሰው ሲገኝ ግን ያነጋግረኝ። እናም ያለችንን መጠገን ነው።

እኔ ተሸነፍኩ፤ ናፍጣ ሞተር እንዲገባላት ተወሰነ። ሜካኒኩ ጅማ ላይ ያረጀ፣ ቃል የማይበዛው ሰው ነው። «2ኤች ፈልጉ» አለን፤ 4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ፋብሪካው ራሱ በዚሁ አካል ላይ የገጠመው ሞተር ስለሆነ ሻንሲ መቁረጥ አያስፈልግም። «ቀርፋፋ ነው፤ ግን አይከዳህም።»

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመሄዱ ዕጣ የኔ ሆነ። ሶማሌ ተራን የማያውቅ ካለ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የጠፋ የመኪና ዕቃ ካለ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ አንዳንዴም የጠፋብህን የራስህን መስተዋት ትገዛበታለህ። አንዱ ዘንድ ሞተሩን አገኘሁ። ነካ ሲያደርገው ሆ ብሎ ተነሳ፤ ዋጋውም ደህና ነበር። ደህና ዋጋ ሲገጥማችሁ ቶሎ አትደሰቱ! ከፍዬ፣ በጭነት መኪና ልኬ፣ ቢታ ገነት ሲደርስ ሜካኒኩ ባትሪ አብርቶ የሞተሩን ጎን አየና ዝም አለ። ከዚያ ጠራኝ። ቁጥሩ የሚታተምበት ቦታ በሞላ ተሞርዷል።

መኪና በሕግ ፊት ሁለት ቁጥር ነው፤ ሻንሲና ሞተር። ሁለቱም ሊብሬው ላይ ተጽፈዋል፤ በ2002 የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅም ይህንኑ ነው የሚጠብቀው። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ እያለቀሰ ያለ ሞተር ሊሆን ይችላል። «ቁጥር እናስመታበታለን፣ ይቻላል» ያለን ሰው አልጠፋም። ወንድም ጋሼ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ እኔም። ያወጣሁት የአንድ ዓመት ቁጠባዬ ነው። ጠዋት እናታችን ሰምተው ኖሮ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «በሌባ ሞተር በሽተኛ ይጫናል?»

መለስነው። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም፤ በኋላም ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ደጋግሜ ሄጄ ደክሞኝ ተውኩት። ተውኩት እላለሁ እንጂ በመርካቶ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ያንን ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሞተር የመጣው በጨረታ ከተሸጠ፣ አካሉ ካለቀ ስቴሽን ዋገን ላይ ነው፤ ከነወረቀቱ፣ ከነካምቢዮው። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ይህም ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ከድሮው ስለሚረዝም የኋላው ትራስሚሲዮን ማጠር፣ የፊቱ መርዘም ነበረበት። ጅማ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ተሠራ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ ደግሞ የቀረን ዕቃ ሁሉ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የፖምፓው ጓርኒሲዮን፣ በየሳምንቱ ዋጋው ይቀየር ጀመር። በዚያ ሰሞን ስልኬ ሲጠራ «ስንት ሆነ?» ብዬ ነበር የማነሳው።

ላሜራውን የሠራነው እኔና ወንድም ጋሼ ነን። የዛገውን ቆርጠን፣ የበርሜል ላሜራ ቀጥቅጠን፣ ብየዳ ቤት ያለ ልጅ በየቀኑ እየመጣ እየበየደልን። ከነዚያ ከሰዓቶች የሚበልጥ ጊዜ ከወንድሜ ጋር አሳልፌ አላውቅም። ካደግን ወዲህ የምንነጋገረው በስልክ ስለ ገንዘብና ስለ ልቅሶ ብቻ ነበር። የኋለኛውን ጭነት ቦታ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አስገጠምንለት፤ ቃሬዛ ሲመጣ የአንዱ ወገን ታጥፎ ይሰቀላል። ቀለሙ ላይ ጸናሁና በዚያ አሸነፍኩ፤ ያው የድሮው አመድማ አረንጓዴ ሆነ።

አሮጌው ሞተር የወረደ ዕለት እናታችን ወጥተው ቆሙ። ማንም የጠራቸው የለም። ክሬን የለንምና በሰንሰለት ዝግባው ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አይተው፣ «ምኑን ነው የምታወጡት?» አሉ። ወንድም ጋሼ፣ «ሞተሩን ነው እማዬ፤ ሌላ እንቀይርላታለን» አላቸው። ዝም ብለው ገቡ። በኋላ ቦንጋ ሄደን፣ ተመርምራ፣ ሊብሬው ላይ የድሮው የሞተር ቁጥር ተሰርዞ አዲሱ ሲጻፍ ያ ዝምታቸው ትዝ አለኝ። ሞተሩ አሁን ጓሮ፣ ኮባው ሥር፣ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ራሱ መለሰው።

ቦሎዋን ለጥፈን ከቦንጋ የተመለስን ዕለት ዘንቦ ነበር። የመጨረሻው ዳገት ላይ የፊት እግሮቿን አስነክቶ፣ በዝግተኛው ማርሽ፣ ጭቃውን እንደ ቅቤ እየቆረጠች ወጣች። ወንድም ጋሼ እንደ ልጅ ሳቀ። ሸንተረሩ አናት ላይ ማርሽ ቀነሰና ቁልቁለቱን ጀመርን፤ ሁለታችንም ምንም ሳንነጋገር መስኮት ከፈትን። ናፍጣው ገው ገው እያለ ሸለቆውን ሞላው።

ግቢ ስንገባ በሩ ላይ ማንም የለም። ምድጃው አመድ ለብሷል፤ ጀበናው መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። እናታችን ከጓዳ ጎመን እየቀነጠሱ ብቅ አሉ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ? አይሱዙ መስሎኝ።»

ወንድም ጋሼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እንጨት ሊፈልጥ ወጣ።