ግሪክኛ ልትማር ለምትነሣ ልጅ

ግሪክኛን በአገሩ ሊማር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁለት ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ የጥንቱና የዛሬው። የአክሱም ነገሥታት በድንጋይና በገንዘብ ላይ ያስቀረጹት የጥንቱ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ድሉን በግእዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይወሰን በግሪክኛም አስጽፏል። የአዱሊስን የግሪክኛ ጽሑፍ በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ወሰደው፤ ድንጋዩ ጠፍቶ የቀረው የእርሱ ግልባጭ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ ሲመለስ ዋናው ምንጩ ግሪክኛ ነበር፤ ፊሳልጎስና ቄርሎስም ከዚያው መጡ። የግእዝ ቁጥሮች እንኳ የግሪክ ፊደላትን መሠረት አድርገው የተሠሩ ናቸው። ከካማሺ የምትነሣ ልጅ እንግዳ ቤት አትገባም።

አቴና ላይ ዳቦ የሚገዛው ግን በዛሬው ነው። የሕዝቡ አነጋገር የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1982 ደግሞ በፊደላቱ ላይ ይደረደሩ ከነበሩት ምልክቶች አብዛኞቹ ቀርተዋል። ፊደሉ 24 ነው፤ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አስቸጋሪው አጻጻፉ ነው፤ አንዱ የ«ኢ» ድምፅ ቢያንስ በአምስት መንገድ ይጻፋል። ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን እየለየች ላደገች ይህ አያስደነግጥም። ለውጭ ተማሪ ዘመናዊ ግሪክኛ የሚያስተምሩ ማዕከሎች በአቴና ዩኒቨርሲቲና በተሰሎንቄው የአርስጣጣሊስ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የችሎታ ፈተናው ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይሰጣል።

የረጅም ጊዜ ቪዛ የሚጠየቀው አዲስ አበባ ካለው የግሪክ ኤምባሲ ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አብሯት የሚሄደው የጎረቤት ልጅ ቡና ላይ «አቴና እስክንደርስ ነው፤ ከዚያ ጀርመን» ብሏል። ግሪክ የሰጠችው የተማሪ ፈቃድ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያቆይም፤ በእነዚያ አገሮች ለሥራም አይሆንም። ክፍል ያቋረጠ ተማሪ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚያቀርበው ማስረጃ ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው መዞር ነው፤ የሚከፈለውም ቤተሰቡ ሰሊጥ ሸጦ ካጠራቀመው ነው። ፓስፖርቷ በእርሷ ቦርሳ ይሁን። የትምህርት ክፍያው በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ እንጂ በሰው እጅ አይላክ። ጓደኛዋ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ልጁ በሕፃንነቱ ከቤተሰቧ ማዕድ ሲበላ ያደገ ነው። ፈጣሪ ለሁለቱም ልቡና ይስጥ።

በቀድሞ ዘመን ግሪክኛን የተማሩት አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክህነት ሰዎች ነበሩ። የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ቁስጥንጥንያ አጠገብ ባለችው በሃልኪ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የጥንቷን ኢትዮጵያ ታሪክ ሲጽፉም የግሪክ ምንጮችን በብዛት ተጠቅመዋል። ሃልኪ በ1971 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በመምህርነት ዘመኑ የእነዚህን ሰዎች ስም እያነበበ ማመልከቻ ሳይጽፍ ቀርቷል፤ ትዳር ነበር፣ ልጅ ነበር፣ ነቀምት ድረስ መሄድም ያን ጊዜ ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ዛሬ አይቆጨውም ቢባል ውሸት ነው። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ የመምህሩን ጠመኔ ይዛ በጓሮው በር ላይ ፊደል ትጽፍ ነበር፤ በሩ እስኪታደስ ድረስ ማንም አላጠፋውም። እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት፤ የእናቷ ጸሎት አይለያት።

ስለ ግሪኮች ባህል የሚነገረው ጥቂት ነው። ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ እሑድ ይውላል፤ የገናቸው ግን ከእኛው ቀድሞ ነው። በዐቢይ ጾም እንደ ስኩዊድ ያለ ቀይ ደም የሌለው የባሕር እንስሳ ይበላሉ፤ ሳህኑን አይታ አትሳቅ። አምስት ለማለት መዳፍን ዘርግቶ ወደ ሰው ማሳየት እዚያ ስድብ ነው። ቅንድብን ከፍ ማድረግም እዚህ «አዎ» ሲሆን እዚያ «አይሆንም» ነው፤ ጀርመን እንሂድ ላለ ሰው ሁለተኛው ይበቃዋል። ልብስና ብርድ ልብስ እናቷ አስባበታለች።

ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ደረሰኝ በስሟ ሲሰጣት ፎቶ አንሥታ ወደ ቤት ትላክ። ሲከፈል ጓደኛዋ አጠገቧ ባይኖር ይመረጣል። እመ ብርሃን ትከተላት።

ካማሺ