ከባሕር ዳር ጎርጎራ አይታይም

እኛ የባሕር ዳር ልጆች ጣናን እንደ ጓሯችን ነው የምናየው። እንግዳ ሲመጣብን ዓሣ ጥብስ ጋብዘን፣ እጃችንን ወደ ውኃው ዘርግተን «ይኸውላችሁ ጣና!» እንላለን። ያሳየነው ግን ምኑን ነው? መሬት ድቡልቡል ናትና ዓይኑ ከውኃው ወለል 2 ሜትር ከፍ ያለ ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቅበታል። ጎርጎራ ደግሞ በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የብርሃንን መታጠፍ ትተን ስናሰላው፣ እዚያ ዳር 300 ሜትር የሚረዝም ፎቅ ቢቆም እንኳ ጫፉ ከዚህ አይታይም።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ሲታወቅ በሰሜን በኩል፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነበር። በብዛት የተንሰራፋውም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። የደንቢያው ዓሣ አጥማጅ መረቡ በአረም ሲያዝበት፣ እኛ በዚህ ማዶ ማኪያቷችንን እየጠጣን «ሐይቁ እኮ ምንም አልሆነም» እንላለን። ክፋት አይደለም፤ ከአድማስ ወዲያ የሚያይ ዓይን የለንም።

ስለዚህ ከሰማይ ዓይን ተበደርን። መበደሪያችን ጁፒተር ኖትቡክ ነው፦ ፓይተን የሚጻፍበት፣ ከእያንዳንዱ ኮድ ሥር ውጤቱን የሚያሳይ የኮምፒውተር ደብተር በሉት። ግራፍ ብቻ ሳይሆን በማውስ የሚሽከረከር ሉልም ያወጣል። በፕሎትሊ «ኦርቶግራፊክ» የሚለውን መርጣችሁ ኬንትሮስ 37.4፣ ኬክሮስ 11.6 ስትሉት ዓለም ትዞርና ባሕር ዳር መሐል ላይ ቁጭ ትላለች። አንዋሽም፣ ደስ አለን። ያሳደገን የመርካቶር ካርታ ነዋ! ግሪንላንድን አፍሪካን አሳክሎ የሚያሳየው፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች። (የአፍሪካ ኅብረት ራሱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ይህ ካርታ እንዲቀየር የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል።) ሉል ላይ ጠርዙ ቢጣበብም መሐሉ የማንም አይደለም፤ ያዞረው ሰው ነው የሚመርጠው።

የሁለቱ ቁጥሮች ቅደም ተከተል ግን ጣጣ አለው። ፎሊየም ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ጂኦጄሰን ፋይልና ፓይዴክ ደግሞ ኬንትሮስን። ቢገለበጡ ባሕር ዳር የት የምትወድቅ ይመስላችኋል? ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል። ይህን ለጀማሪዎች ሆን ብለን ስናሳይ መጀመሪያ ሳቅ ይሆናል። ከዚያ አንዱ ዝም ይላል፤ ሌላውም ይከተለዋል። በዚያ ባሕር ለመሻገር ወጥቶ ድምፁ የጠፋ የሠፈር ልጅ የሌለው በመካከላችን የለም። ቁጥሮቹን ወደ ቦታቸው መልሰን እንቀጥላለን።

ወደ እምቦጩ። ሉሉ ስክሪናችን ላይ 600 ፒክስል ስፋት ቢኖረው አንዷ ፒክስል 21 ኪሎ ሜትር ትይዛለች። 84 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ጣና በቃ አራት ነጥብ ሆነ ማለት ነው፤ እምቦጩማ የት ይታያል! ሉል የት እንዳለን ያሳያል እንጂ ምን እንደደረሰብን አይናገርም። ለዚያ መውረድ ያስፈልጋል። በነጻ የሚገኘው የአውሮፓውያኑ የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ አንድ ሄክታር እምቦጭ 100 ነጥብ ይሆናል። ውኃ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጠዋል፣ ለምለም ቅጠል ደግሞ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከዚያ ብርሃን ቀዩን ቀንሰን ለድምራቸው ስናካፍል፣ ውኃው ጠቁሮ አረሙ ያበራል። ደንገሉም፣ የፎገራ ሩዝም አብረው ስለሚያበሩ መጀመሪያ ምስሉን በሐይቁ ወሰን መቁረጥ ግድ ነው። የዳሩን ደንገል ከእምቦጭ መለየት ግን ያኔም አስቸጋሪ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ ጀልበኛ ከእኛ ኮድ ይበልጣል። ክረምት ላይ ደመናው ሁሉን ሲሸፍን ደመና የሚያልፈውን የሴንቲኔል-1 ራዳር እንሞክራለን፤ እሱን ማንበብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እምቦጭን ለማስወገድ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ስንት ሄክታር ተነሣ የሚለውን ከዜና ነበር የምንሰማው። አሁን የዘመቻውን በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለማንም ይቻላል። ግን ረጋ በሉ፦ እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፣ ነፋስ በአንድ ሌሊት ከደንቢያ ዳር ገፍቶ ሌላ ጋ ይወስደዋል። የአንድ ቀን ምስል ይዞ «ጠፋ» ወይም «በዛ» የሚል ሰው አትመኑ። እኛንም ጭምር።

አንድ ነገር እንጨምር። ሲዚየምን የመሰሉት የሚያምሩ ሉሎች የምድሩን ሥዕል ከኢንተርኔት እየጎተቱ ነው የሚሳሉት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሥዕሏን የምታወርድበት መንገድ ያጣች ሉል ምንም አትነግርም። ስለዚህ የጣናን ወሰንና የተመረጡ ቀናትን ምስል በፋይል አስቀምጠናል፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ፍላሽ ይዞ ለመጣ እንገለብጥለታለን። ከደንቢያ ወይም ከፎገራ ለሚመጣ ደግሞ ማኪያቶውም በእኛ ነው፤ የምንጠይቀው ብዙ አለን።