ቦርሳ አዝዬ በዴልሂ

በነርስነት ባገለገልኩባቸው 34 ዓመታት ዴልሂ ለእኔ ከተማ አልነበረችም። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ ቤተሰቡ ያለውን አሟጥጦና ከዘመድ ለምኖ የሚልከው ወደዚያ ነበር። ስለዚህ ባለፈው የካቲት "ዴልሂ ልሄድ ነው" ስል ጎረቤቶቼ ደንግጠው "ምን አገኘሽ?" አሉኝ። "ደህና ነኝ፤ አገር ላይ ነው" ብላቸውም ያመነኝ የለም።

የጋበዘችኝ ዘጠኝ ዓመት ጀርመን የኖረችው ልጄ ናት። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ቦርሳዋን አዝላ አገር ትዞራለች። "እማዬ፣ ሻንጣ እንዳትይዢ፤ በጀርባሽ የምታዝይውን ብቻ!" አለችኝ። እኔ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ በጀርባዬ ያዘልኩት እሷኑ ነበር።

ያረፍነው ከኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ፓሃርጋንጅ በሚባለው ርካሽ ማረፊያዎች በተደረደሩበት ሠፈር ነው። ከበር ስወጣ መጀመሪያ የተቀበለኝ ክላክስ ነበር። እኛ በፋብሪካው ስም ባጃጅ የምንለውን እነሱ "አውቶ" ይሉታል፤ አረንጓዴና ቢጫ ነው። አውቶው፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ሰው የሚጭነው ባለ ፔዳል ሪክሾ፣ ጋሪ የሚገፋው፣ መሀል መንገድ ቆማ የምታመነዥክ ላም፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ። መንገዱን ለመሻገር ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ እጄን ያዘችና "አትሩጪ፣ መሀል ላይም አትቁሚ፤ በአንድ ዓይነት እርምጃ ሂጂ" አለችኝ። እውነትም እኛ ስንራመድ መኪናው በግራና በቀኝ እየዞረን አለፈ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ብዙ የጭነት መኪናዎች ከኋላቸው "እባክህ ክላክስ አድርግ" የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ክላክሱ ስድብ ሳይሆን "እዚህ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው" ማለት ነው። የድንገተኛ ክፍላችን ትዝ አለኝ። አስታማሚ ሲገባ ትርምስ ብቻ ይታየዋል፤ እኛ ግን የትኛው ጩኸት ቶሎ እንደሚያስሮጥ፣ የትኛው እንደሚቆይ እናውቅ ነበር።

በሜትሮ ባቡር ወደ አሮጌው ዴልሂ ሄድን። የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው። ገና ስገባ አንዲት ወጣት ተነሥታ "አንቲጂ" ብላ ቦታዋን ሰጠችኝ። "አንቲ" አክስቴ ማለት ሲሆን "ጂ" የምትለዋ ደግሞ እንደኛ አንቱታ የአክብሮት ናት። ለጉልበቴም ለልቤም ደስ አለኝ።

ቻንድኒ ቾክ የሚባለውን ገበያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው የንጉሥ ሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ናት። ጫፉ ላይ ካሪ ባኦሊ የተባለው የቅመም ገበያ አለ። እርዱ፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ አብሹ በጆንያ ተከምሯል፤ ከበርበሬው የተነሣ ሻጩም ገዢውም ያስላል፣ ያስነጥሳል። ዓይኔን ብጨፍን መርካቶ በርበሬ በረንዳ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። በሌላው ጫፍ፣ ከቀዩ ግንብ ፊት ለፊት፣ በጃይን እምነት ተከታዮች ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የወፎች ሆስፒታል አገኘን። ክንፋቸው የተሰበረ እርግቦች በየሳጥናቸው ተኝተው በነፃ ይታከማሉ። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሀል ለአንዲት እርግብ ጊዜ ያለው ሰው መኖሩን ሳይ፣ ስለ ከተማዋ የነበረኝ ፍርሃት ለቀቀኝ።

በሦስተኛው ሌሊት ልጄ ታመመች። ከጎዳና በበላችው ነገር ሆዷ ተረብሾ ስታስታውክ አደረች። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩትን ኦ.አር.ኤስ. በታሸገ የአንድ ሊትር ውኃ በጠበጥኩና በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ እየሰጠኋት፣ ግንባሯን እየዳሰስኩ አነጋሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስደውልላት "ደህና ነኝ እማዬ" ትለኛለች። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሌሊት ብቻዋን ታማ እንዳደረች ያን ሌሊት ጠየቅኳት። "ብዙ ጊዜ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስልክ ትኩሳት አይለካም። እኔ ግን በእሷ "ደህና ነኝ" ስንት ጊዜ እፎይ ብዬ ተኝቻለሁ!

ጠዋት ቀለል ሲላት ሩዝ በእርጎ በላች። ከዚያ በኋላ በነበሩን ቀናት መንገድ ስንሻገር እሷ እጄን ትይዛለች፤ ውኃውንና ምግቡን የምመርጠው እኔ ነኝ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ሳንነጋገር ሥራውን ተከፋፈልን።

እኩዮቼ ሆይ፣ ጉልበታችሁ ከፈቀደላችሁ ልጆቻችሁ "ነይ" ወይም "ና" ሲሏችሁ "በዚህ ዕድሜዬ?" አትበሉ። ቦርሳው ከአምስት ኪሎ አይብለጥ፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን ከእጃችሁ አትለዩ፤ ውኃ የታሸገ ብቻ ጠጡ። ገበያውን በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ እዩት። ልጆቻችሁ "ደህና ነን" ሲሏችሁም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቋቸው።