ጭብጨባው፣ ልጅቷና ውሾቹ

ውሻ እወዳለሁ። በመኝታ ቤታችን ይህን የማያውቅ የለም፤ ከምግብ አዳራሽ የተረፈ ቁራሽ ይዤ ስወጣ «ዘመዶችህ እየጠበቁህ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! በአገራችን ውሻ መባል ስድብ ቢሆንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ታማኝነቱን ማመስገናችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሳላፍር የማወጋችሁ ስለ አንድ ውሻ ወዳድ ደራሲ፣ ስለ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ ነው።

«ኦሊቨር ትዊስት»ን ያነበብን ሁሉ ዲክንስን በጸሐፊነቱ እናውቀዋለን። ነገር ግን ሰውየው የገዛ መጻሕፍቱን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ ያነብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 በበርሚንግሃም ለበጎ አድራጎት ጀመረው፤ ከ1858 ወዲህ ደግሞ ገቢ ያገኝበት ጀመር። ማንበብ ስል ወረቀት ላይ አቀርቅሮ መነብነብ እንዳይመስላችሁ። አስቀድሞ ይለማመዳል፤ ታሪኩን ያሳጥራል፤ ቁም ነገሩ ላይ ያሰምርበታል። መድረክ ላይ ሲወጣ ሽማግሌውን በሽማግሌ፣ ሕፃኑን በሕፃን ድምፅ ያናግረዋል። እኛ «የትምህርት ዝግጅት» የምንለው ይኸው አይደለም እንዴ?

በ1867 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በጥቂት ወራት ውስጥ 76 ጊዜ አነበበ፤ 19 ሺህ ፓውንድ ገደማም አተረፈ። በኒው ዮርክ ትኬት ፈላጊው በክረምት ብርድ መንገድ ላይ ተሰልፎ ያድር ነበር። እሱ ግን በጉንፋንና በእግር ሕመም ይሠቃያል። ምግብ አልወርድ ስላለው መድረክ ከመውጣቱ በፊት በወይን ጠጅ የተመታ ዕንቁላል ይጠጣል።

በዚሁ ጉዞ፣ በ1868፣ ወደ ቦስተን በሚሄድ ባቡር ውስጥ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሹልክ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። መጻሕፍቱን እንደምትወድ ነገረችው፤ ቀጥላም አሰልቺውን ክፍል እየዘለለች እንደምታነብ አልደበቀችውም። አጫጭሩን ሳይሆን ረዣዥሙን! ዲክንስ ከልቡ ሳቀ። ከዚያም የማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አውጥቶ የትኛው መጽሐፍ፣ የቱ ጋ እንደሚያሰለች አንድ በአንድ ጠየቃት። ያቺ ልጅ ኬት ዳግላስ ዊጊን ነበረች። አድጋ ደራሲ ሆነች፤ በ1878 በሳን ፍራንሲስኮ ነጻ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ ኋላም የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቋመች። የባቡሩን ወግ ራሷ በ1912 አሳትማዋለች።

ዲክንስ በዚያው ዓመት በኬንት ወደሚገኘው ቤቱ ሲመለስ ውሾቹ ተቀበሉት። ሁለቱ ኒውፋውንድላንዶች አንድም ቀን እንዳልተለያቸው ሁሉ ከጋሪው ኋላ እየሮጡ፣ ጆሯቸውን እንዲስብላቸው አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። ከእሱ በቀር ማንም እንዲያ አያደርግላቸውም። ሊንዳ የተባለችው ትልቋ ውሻ ግን እንባዋን እያፈሰሰች በጀርባዋ ተንጋልላ እግሩን በመዳፏ ዳበሰችው። ስለ 76ቱ ምሽቶች የሚያውቅ አንድም ውሻ አልነበረም።

ጭብጨባው ዋጋ አስከፍሎታል። በ1869 ሐኪሞች የንባብ ጉዞውን አስቋረጡት፤ በ1870 በ58 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የማስተማር ልምምድ ስለደረሰብን ነው። ሁላችንም የምናስበው ከክፍሉ ኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ስለሚቀመጠው ገምጋሚ ነው። ማርክ አያስፈልግም አልልም፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የቱ ጋ እንደሰለቸ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ከፊት የተቀመጠው ልጅ ነው። ያን ታላቅ ደራሲ እርሳስ ካስያዘው፣ እኛንስ ለምን ያሳፍረናል?

ተማሪን ከውሻ ጋር አላመሳስልም፤ እንዲህ ብዬ ስሜን እንዳታጠፉ! የምለው ሌላ ነው። የገጠር ልጅ የዲፕሎማችንን ነጥብ አይጠይቅም። የሚያውቀን በልማዳችን ነው፤ በስሙ ስንጠራው፣ ትናንት ስለ ቀረበት ምክንያት ስንጠይቀው፣ ደብተሩን ጎንበስ ብለን ስናይለት። ከረጅም ዕረፍት ስንመለስ ሮጦ የሚቀበለን ለዚያች ትንሽ ነገር ነው።

እንግዲህ ለልምምድ ስንወጣ፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ አንዱን ልጅ ጠጋ ብለን «የቱ ጋ ሰለቸህ?» እንበለው። የሚለንንም እንጻፈው።