የአዳሪ ልጅ ናፍቆት

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቍጥር ልጁ ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የተመረጠለት ወላጅ ደስታውንና ፍርሃቱን አንድ ላይ ይዞ ይመጣና፣ ብዙ ዘመን በአዳሪ ተማሪዎች መካከል የኖርሁ በመሆኔ መልሱ በእጄ ያለ መስሎት «ልላከው ወይስ ከጕያዬ ላቆየው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጭንቀቱም ሁልጊዜ ከርቀቱ ይጀምራል፤ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ምግቡስ ይበቃል ወይ ይላል። ይህን መጠየቁ የሚገባ ቢሆንም፣ የልጅን ልብ የሚሰብረው የመንገዱ ርዝመት እንዳልሆነ ከጥንቱ የቆሎ ተማሪ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ከቤቱ ጠፍቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ወንዝና በረሃ ተሻግሮ ወደማያውቀው ደብር ይሄድ ነበር፤ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቍራሽ እየበላ፣ ከሣር በተሠራች ጠባብ ጎጆ ያድር ነበር። በመከራ ቢመዘን ከዛሬው አዳሪ ተማሪ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም የኔታ ለእያንዳንዱ ሊደርሱ ስለማይችሉ፣ ከእርሱ ጥቂት የቀደመ ተማሪ ቀለሙን ይሰማዋል፣ ስሕተቱን ያርመዋል፤ በቅኔውም ቤት አስነጋሪ የሚባለው ይህን ሥራ በማዕርግ ይዞ ይሠራል። ከሁሉም ይልቅ ማታው ባዶ አልነበረም። መጽሐፍ ብርቅ፣ ትምህርቱም በቃል በመሆኑ፣ ጨለማው ወርዶ ናፍቆት የሚበረታበት ሰዓት ሲደርስ ደጀ ሰላሙ በንባብና በዜማ ድምፅ ይሞላ ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ ብቻውን ከትካዜው ጋራ የሚቀመጥበት ጊዜ አያገኝም ነበር። (በዚያ ሥርዓት ውስጥ ረኃቡም፣ በሽታውም፣ አለንጋውም ስለ ነበሩ፣ እንዳለ ይመለስልን ከሚሉት ወገን አይደለሁም።)

የቆሎ ተማሪው ታሪክ ተቃራኒ ሆኖ የሚታየኝ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ነው። አባቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ስላረፉ፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን በባዕድ እጅ ቀረ። አብረውት የተጓዙት አለቃ ዘነብ ሳይቀሩ ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። የቀረለት ሰው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ብቻ ነበረ፤ ከእርሱም ጋራ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት፣ ኋላም በህንድ ተቀመጠ። በ1864 ዓ.ም. ገደማ ግን የእንግሊዝ መንግሥት፣ ይልቁንም የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው፣ ለልጁ የሚበጀው እንደ እንግሊዝ መኳንንት ልጅ በአዳሪ ትምህርት ቤት ማደግ ነው በማለት፣ ከስፒዲ ለይተው ለቸልተናም ኮሌጅ አስተዳዳሪ ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ሰጡት፤ እኚህም ሰው ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ልጁ አብሯቸው ሄደ።

እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ነበሩ ለማለት አልችልም። አልጋውም ልብሱም አልጐደለበትም፤ በሜዳ ጨዋታም ይሳተፍ ነበር። ነገር ግን አያቱ ወይዘሮ ላቅያየ ከአገር ቤት ደብዳቤ በሚጽፉበት ዘመን እርሱ የአያቱን ቋንቋ ረስቶ ነበር። ከራግቢ በኋላ የገባበት የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሳይስማማው በቀረ ጊዜ ወደ ማን እንደ ሄደ ልብ በሉ፤ ሊድስ አጠገብ በሄዲንግሊ ወደሚኖረው ወደ ቀድሞ አስጠኚው ወደ ሲረል ራንሰም ነው። በዚያም በሳንባ በሽታ ታሞ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም ዊንድሶር ነው። «ናፍቆት ገደለው» እያሉ የሚጽፉትን አልከተልም፤ በሽታውን በሽታ ማለት ይሻላል። የሚያሳዝነኝ ግን እናቱን፣ ቀጥሎም ዘነብን ያጣውን ሕፃን ስፒዲንም የነሡት ሹማምንት ለልጁ ጥቅም የሠሩ እየመሰላቸው መሆኑ ነው።

የዛሬው ልጅ ቋንቋውን አይረሳም፤ ፈተናው ሌላ ነው። በመንደሩ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ የነበረ ሕፃን፣ አንደኞች ሁሉ በተሰበሰቡበት ክፍል ሃያኛ በወጣ ዕለት፣ እስከዚያ ድረስ ማንነቴ ነው ብሎ የያዘው ነገር ከእጁ ይወድቃል፤ ይህንንም ወጪውን ተበድሮ ለሸኘው አባቱ ለመንገር አይደፍርም። እኔ ይህን የማየው ከውጤት ወረቀቱ ሳይሆን ከሳጥኑ ነው። አዲስ አዳሪ ሁሉ ቍልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ በውስጡም እናቱ በላስቲክ የቋጠረችለት በሶና ዳቦ ቆሎ አይታጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የሳጥኑን ክዳን ወደ ጓደኞቹ መልሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከውስጥ ጭብጥ ጭብጥ እያወጣ ይበላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳቦ ቆሎው በተደራራቢው አልጋ ላይ በነጠላ ላይ ይበተንና አራት አምስት እጅ ይዘረጋበታል። ስለ ልጁ የምሠጋው ይህ ከዘገየ ነው፤ በስልክ ስላለቀሰ አይደለም።

ስለ ስልኩ ካነሣሁ፣ እሑድ በአዳሪ ቤቱ ሞግዚት ስልክ «ውሰጂኝ!» ብሎ የጮኸ ልጅ፣ እናቱ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ስታድር፣ እርሱ ስልኩን ከመለሰ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኳስ ሲራገጥ አይቻለሁ። «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጐደለብኝም» ብቻ እያለ የሚመልሰው ጨዋ ልጅ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል። ዕንባውን የሚያፈስበት ሰው ያለው ልጅ ገና አልተለየም።

ስለዚህ ሰሞኑን ለጠየቁኝ አባት እንዲህ ብያለሁ፤ ትምህርት ቤቱን ሲጐበኙ ቤተ ሙከራውን ያሳዩዎታል፣ እርሱንም ይዩ፤ ነገር ግን ከማታ ጥናት በኋላ መብራት እስኪጠፋ ባለው ሰዓት ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ለአዲስ ገቢም የሚመደብለት ታላቅ ተማሪ ይኑር አይኑር ይጠይቁ፤ ልጁንም በየሳምንቱ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «ዳቦ ቆሎው አለቀ ወይ? ከማን ጋራ በላህ?» ይበሉት። እስከ ኅዳር ድረስ የአንድም ጓደኛ ስም ካልነገረዎት፣ ያን ጊዜ እኔም ራሴ አውቶቡስ ይሳፈሩ እላለሁ።