ካርዱ አንድ ዓይነት፣ አቅሙ ለየቅል

አዲስ አበባ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የገዛ ሰው ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማሳሰቢያ ማንበቡ የተለመደ ነው። እኔ በምኖርበት በጀርመን ደግሞ በኢንተርኔት የታዘዘ ካርድ በ14 ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት መመለስ ይቻላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለሸማቹ የሰጠው መብት ነው። ካርድን ኦቨርክሎክ በማድረግ፣ ማለትም ፋብሪካው ካወጣለት ፍጥነት በላይ በማሠራት ረገድ፣ በአገር ቤትና በውጭ የማየው የልማድ ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።

እዚህ አንዳንዶች የአንድ ሞዴል ሁለት ሦስት ካርድ ያዝዛሉ። ሁሉንም ይፈትኑና የፈጠነውን አስቀርተው የቀረውን ይመልሳሉ። አገር ቤት ግን ምርጫ የለም። የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር የሚያደርገው አርክቴክትም፣ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብረው ባለሙያም፣ ጌም የሚጫወተው ተማሪም እጃቸው በገባው ካርድ ዓመታት ይሠራሉ። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል፦ «የጓደኛዬና የእኔ ካርድ አንድ ዓይነት ነው። የእሱ 2,100 ሜጋኸርዝ ላይ ያለችግር ሲሠራ የእኔ 2,000 ሳይሞላ ስታክ የሚያደርገው ለምንድን ነው?»

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 እንውሰድ። ቺፑ 7.2 ቢሊዮን ትራንዚስተር ይዟል። እንዲህ ያሉ ቺፖች 300 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ የሲሊከን ዋፈር ላይ በብዛት ይሠሩና ይቆረጣሉ። ሥራው እጅግ ረቂቅ በመሆኑ ከአንድ ዋፈር የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ ፍጹም አንድ አይሆኑም። አንዱ ቺፕ በአነስተኛ ቮልቴጅ የሚደርስበትን ፍጥነት ሌላው ለመድረስ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ቮልቴጅ ሲጨምር ደግሞ ሙቀት ይከተላል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ቺፖቹን ፈትኖ ይለያቸዋል። ጂቲኤክስ 1070 ከ1080 ጋር አንድ ቺፕ ነው፤ ልዩነቱ ከ2,560 ኮሮች የሚሠሩት 1,920ዎቹ ብቻ መሆናቸው ነው። ለ1080 የተጻፈለት መነሻ ፍጥነት 1,607፣ ቡስቱ 1,733 ሜጋኸርዝ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ማንም ቃል አልገባም። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ቃል ያልተገባበትን ትርፍ ነው፤ መጠኑም ከካርድ ካርድ ይለያያል።

ከቺፑ ቀጥሎ ቦርዱ ይመጣል። ኤንቪዲያ ራሱ ያወጣው 1080 ለ180 ዋት የተሠራ ነው፤ ሌሎች አምራቾች ያንኑ ቺፕ ወስደው ተጨማሪ ኃይልና ተለቅ ያለ ማቀዝቀዣ ሰጥተውታል። እነዚህ ካርዶች ሙቀታቸው ከፍ ሲል ፍጥነታቸውን ራሳቸው ደረጃ በደረጃ ይቀንሳሉ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ደርቆ፣ ክንፎቹም አቧራ ጠጥተው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቺፑ ጥሩ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ደካማ ይሆናል።

ሚሞሪውም የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ 1070 ካርዶች የሳምሰንግ ሚሞሪ ነበራቸው፤ በዚያው ዓመት ግን የማይክሮን ሚሞሪ የተገጠመላቸው ወጡ። በእነዚህ ላይ የሚሞሪውን ፍጥነት ከፍ ያደረጉ ሰዎች ስክሪኑ ላይ የተበላሸ ምስል አዩ። አምራቾቹ የካርዱን ባዮስ የሚያድስ ማስተካከያ አውጥተው ችግሩን ፈቱት። ሞዴሉ ያው፣ ውስጡ ግን ሌላ ነበር። ባዮስ ማደስ አገር ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሥራው ሳያልቅ መብራት ከጠፋ ካርዱ ላይነሳ ይችላልና ያለ ዩፒኤስ መሞከር አይገባም።

ቦታም ውጤት ይለውጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የከተማዋ አየር ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ከጉዳቱ የተወሰነውን ያካክሳል። ድሬዳዋ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ዱባይ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ለካርድ ፈተና ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ላይ የተገኘ ቁጥር እንዳለ ተወስዶ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም።

ካርዶችን አማርጦ የመመለሱን ልማድ አልደግፈውም። የተመለሰው ካርድ ለሌላ ገዢ ይሸጣል፤ የዕድሉን ሸክም ወደ ማናውቀው ሰው ማሻገር ነው። የአገር ቤቱ ልማድ፣ ማለትም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ ካርዱን ሰክቶ ማየት፣ ይሻላል። ግን አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ካርዱ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ላይ ይቆይ። ከተገዛ በኋላም የሌላ ሰው ቁጥር አይገልበጥ። ቺፑንና ሚሞሪውን ለየብቻ፣ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ከፍ እያደረጉ በዕለት ሥራው መፈተን፣ ስሕተት ሲታይም ሁለት ሦስት ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለሚሠራበት ሰው ከዚህም የሚበልጠው ፋብሪካው የሰጠውን ፍጥነት እንደያዙ ቮልቴጁን መቀነስ ነው፤ ብዙ ካርዶች ፍጥነታቸው ሳይጓደል ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ድምፃቸውም ይቀንሳል።

ለወንድም ለእኅት ካርድ የምንልክ እኛ ደግሞ የመመለስ መብታችንን ለዚህ እንጠቀምበት። ካርዱ ከመንገደኛ ሻንጣ ከመግባቱ በፊት ፋብሪካው ባወጣው ፍጥነት ለጥቂት ቀናት እናሠራው፤ ጉድለት ካለው እዚሁ እንመልሰው። ደህና ከሆነም የሚሞሪውን አምራች፣ ሳይነካ የደረሰበትን ፍጥነት፣ ሙቀቱንና የክፍሉን ሙቀት ጽፈን አብረን እንላክ። ተቀባዩ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካው ከማን ጋር እንደሚያወዳድረው ያውቃል፦ ከራሱ ከካርዱ ጋር።