እግርና የእንጦጦ ዳገት

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የጎብኚን እግር የሚፈትነው ግን በመዝናኛዎቹ መካከል ያለው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል በእግሩ የሚወጣማ በሩ ሳይደርስ ደክሞታል።

ዳገት ባትንና የተረከዝን ጅማት ይወጥራል። ቁልቁለት ግን ይብሳል፤ እግር በጫማ ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቶች ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ከመውረድ በፊት የጫማን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ ማድረግ፣ እርምጃንም ማሳጠር ይበጃል። ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ እዚህ አይሆንም፤ እግር የለመደው ይሻላል። ጫማ ሲገዛም ከሰዓት በኋላ መለካት ነው፤ እግር ሲውል ያብጣልና።

መፋቅ የጀመረ ቦታ ውሃ ሳይቋጥር በፕላስተር ይሸፈናል። ውስጥ እግር ሲያም አረፍ ብሎ ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ ከሥሩ ማንከባለል ያስታግሳል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት የስኳር ሕመምተኛ ነው። ነርቩ ከተጎዳ፣ እንጦጦ ማርያምን ለመሳለም ጫማውን ሲያወልቅ ጠጠር ቢወጋው እንኳ ላይሰማው ይችላል። ማታ እግሩን እስከ ጣቶቹ መሐል መፈተሽ፣ ቁስል ካየም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።